በጓሮ የሚገባ አጎት

እሾህ የእህቱን ቤት የፊት በር ረግጦት አያውቅም። ሲገባም ሲወጣም በጓሮ ነው። መጀመሪያ አናጺው ግቢ ይገባል፤ የተከመረውን የእንጨት ፍቅፋቂ እየረገጠ እስከ አጥሩ ይሄዳል፤ ከዚያ ግንቡ ላይ ተንጠልጥሎ ማዶ ይወርድና የልብስ ማስጫውን ገመድ በግንባሩ እየገፋ ወደ ኩሽናው በር ይጠጋል። ያን የሚያህል ሰውዬ፣ አንገቱ ከጭንቅላቱ የሚወፍር፣ ስሙ ሲጠራ አዳራሽ ሙሉ ሰው ብድግ ብሎ የሚጮህበት፣ የገዛ እህቱን ለማየት እንደ ሌባ አጥር ይዘላል። ሌባስ ሲያዝ ምክንያቱን ተናግሮ ይገላገላል። እሾህ ግን ምክንያቱን ለማንም መናገር አይችልም ነበር፤ ምክንያቱ ሥራው ነውና።

ሥራው ነፃ ትግል ነው። ሁለት ግዙፍ ሰዎች በገመድ በታጠረ ሪንግ ውስጥ ይያያዛሉ፤ አንዱ ደግ ነው፣ አንዱ ክፉ፤ ሕዝቡ ለደጉ ያጨበጭባል፣ ክፉውን ይረግማል። ማን እንደሚያሸንፍ ቀድመው ተነጋግረው እንደሚገቡ የሚያውቅ ያውቃል። የማያውቅ አያውቅም። ብዙው ሰው ግን እያወቀ ማወቅ አይፈልግም፤ ከፍሎ የገባው ለአንድ ምሽት እንኳ ደጉና ክፉው ተለይተው እንዲታዩት ነው፣ ማን ይፈርድበታል? ከምቱ ግማሹ ማስመሰል ነው። አወዳደቁ ግን እውነት ነው። ሰው ከራሱ ቁመት በላይ ተነሥቶ ሸራ በለበሰ ጣውላ ላይ ሲከሰከስ አጥንቱ ማስመሰል አያውቅም።

እሾህ የክፉውን ቦታ የያዘው ክፉ ስለነበረ አይደለም። እሱና ምሰሶ በጎረምሳነታቸው አንድ የግንባታ ዕቃ መጋዘን ውስጥ ሲሚንቶ ይሸከሙ ነበር፤ ምሳቸውን ከአንድ ሳህን የሚበሉ፣ አንዱ ወገቡን ሲያመው ሌላው የሁለቱን ሸክም የሚችል ጓደኛሞች። አንድ ቀን ጣውላ ሊገዛ የመጣ ሽማግሌ አሸዋ ክምር ላይ ለቀልድ ሲታገሉ አያቸው። ሽማግሌው የትግል አዳራሹ ባለቤትም፣ አሰልጣኝም፣ አዘጋጅም ነበር። ሻይ ጋበዛቸውና ልብስ ሰፊ ጨርቅ እንደሚያይ ፊታቸውን ወዲያ ወዲህ እያገላበጠ መረመረ። የምሰሶ ፊት ሰፊ ነው፤ ሲስቅ ሌላውን ያስቃል። እሾህ ደግሞ በልጅነቱ ጡብ የሰበረው አፍንጫና የተጋጠሙ ቅንድቦች ነበሩት፤ ሲስቅ እንኳ ሰው ላይ የሚዝት ይመስላል።

"አንተ ትወደዳለህ" አለ ሽማግሌው ወደ አንዱ እያየ። "አንተ ደግሞ ትጠላለህ።" ከዚያ ሻዩን ፉት አለ።

በቃ፣ የሁለት ሰው ዕድሜ በአንድ ብርጭቆ ሻይ ላይ እንዲህ ተወሰነ። ስማቸውንም እዚያው አወጣላቸው። ከዚያ ወዲህ በሌላ ስም የጠራቸው የለም ማለት ይቻላል።

አወዳደቅ አስተማራቸው። አገጭህን ደረትህ ላይ ለጥፍ፣ ክንድህን ዘርግተህ ሸራውን በመዳፍህ ምታ፣ ትንፋሽህን አውጣ። ከአወዳደቁ አስቀድሞ ግን አንድ ምልክት አስተማራቸው። ተያይዛችሁ ሳለ፣ ሰው ሳያይ፣ የባላጋራህን እጅ አንዴ ጠበቅ ታደርጋለህ፤ ደህና ነህ? ማለት ነው። እሱም መልሶ ጠበቅ ያደርጋል፤ ደህና ነኝ። መልስ ካልመጣ ጨዋታው እዚያው ላይ አበቃ፤ ሰውዬው ተጎድቷል። ላዩ ላይ ተኛ፣ ማንም እንዳይነካው በገላህ ሸፍነው፣ ሰው እስኪደርስለት እጁን እንዳትለቅ። ሕዝቡ እያነቅኸው ይመስለዋል። ይምሰለው።

ሌላው ሕግ ከሪንጉ ውጭ ያለው ነው። ሪንግ ላይ ጠላት የሆኑ ሁለት ሰዎች በአንድ አውቶቡስ አይሳፈሩም፣ አንድ ሻይ ቤት አይቀመጡም፣ መንገድ ላይ ቢተላለፉ አንዱ ምራቁን ይተፋል። አብራችሁ ስትስቁ አንድ ሰው ካያችሁ፣ አለ ሽማግሌው፣ በማግስቱ የምትታገሉት ለባዶ ወንበር ነው። ጓደኛሞቹ ይህን ሲሰሙ ተያይተው ሳቁ። ቀልድ መስሏቸው ነበር።

ነገሩ የመረረው ምሰሶ የእሾህን ታናሽ እህት ሲወዳት ነው። እሷም ወደደችው፤ ምሰሶን የማይወድ ማን አለ? ወላጆቻቸው ቀድመው ስላለፉ ለእሾህ ያለችው ዘመድ ይህች እህቱ ብቻ ናት፤ ጓደኛው አማቹ ሊሆን ነውና ደስታውን የሚያደርግበት አጣ። ሽማግሌውም ጋብቻውን አልተቃወመም፤ የልጅቱ ወንድም ማን እንደሆነ ግን ትንፍሽ እንዳይባል አስጠነቀቀ። የሠርጉ ዕለት እሾህ ከመንገዱ ማዶ ባለ የልብስ ሰፊ ሱቅ ውስጥ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ቆሞ፣ እህቱ ከመኪና ስትወርድ አየ። ሙሽራዋ አንዴ ቀና ብላ መጋረጃውን ተመለከተች። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ወንድሟን አኩርፋው ከረመች።

ሴት ልጅ ተወለደች። እሾህ ሕፃኗን የሚያያት ተኝታ ሳለ ብቻ ነበር፤ ነፍስ ማወቅ ስትጀምር ደግሞ ጉብኝቱ ትምህርት ቤት ወደምትውልበት ሰዓት ተዛወረ። ልጅ አንድ ቀን "አጎቴ እኮ እሾህ ነው" ብላ ለጓደኞቿ ብታወራ የአዳራሹ ነገር አለቀለት። ስለዚህ አጎት የለሽም ተባለች። እሾህ አናጺው ግቢ ቁጭ ብሎ በገዛ እጁ ልጎ የሠራላትን የእንጨት ፈረስ በአጥር አቀበለ፤ አባቷ "እኔ ነኝ የሠራሁልሽ" ብሎ ሰጣት። ምሰሶ ምስማር እንኳ አቅንቶ መምታት የማይችል ሰው ነው። ልጅቱ ለፈረሱ ስትል አንገቱ ላይ በተጠመጠመች ቁጥር ዓይኑን ከሚስቱ ያሸሽ ነበር።

አንድ ጊዜ አጎትና ልጅ ፊት ለፊት ተያዩ። አንዲት ጎረቤት፣ ደግ የሠራች መስሏት፣ ልጅቱን አባቷን እንድታይ አዳራሽ ይዛት መጣችና የፊት ረድፍ ላይ አስቀመጠቻት። እሾህ ምሰሶን ገመዱ ላይ አንጋሎ አንገቱን እንደያዘው አንዲት ትንሽ ጫማ መጥታ ጆሮ ግንዱን አለችው። ዞር ቢል የእህቱ ልጅ ናት፤ አንድ እግሯ ባዶ፣ ፊቷ በእንባና በንፍጥ ተለውሶ፣ አባዬን ልቀቀው እያለች ታለቅሳለች። ምን ያድርግ? አዳራሹ በሙሉ እሱን እያየ ነው። ጫማዋን አንሥቶ አሸተታት፣ ፊቱን አጨማደደ፣ ወደ ኋላው ወረወራት። ሕዝቡ በሳቅና በእርግማን ተደበላለቀ። ከሥሩ ያለው ምሰሶ እጁን ጠበቅ አደረገው፤ ደህና ነህ? እሾህ መልሶ ጠበቅ አደረገ፤ ደህና ነኝ። በዚያች ምልክት የዋሸው ያን ቀን ብቻ ነው።

በማግስቱ ከወንበር ሥር ፈልጎ ያገኛትን ጫማ ኪሱ ከቶ አጥሩን ዘለለ። እህቱ ታሪኩን ከባሏ ሰምታ ስለነበር ጫማዋን ስታይ ደፉ ላይ ቁጭ ብላ ሆዷን እስኪያማት ሳቀች። እሱም ክንዷ ጥሩ ነው፣ በአባቷ አልወጣችም አላት። ይህን ስትሰማ ብሶባት ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ሳይታወቃት ወደ ለቅሶ ዞረና ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች።

"ልጄ ያለኝን አንድ ወንድም ጠላችው" አለች። "ይሄን ከሆዷ በምን አወጣዋለሁ?"

እሾህ መውደቅ እንጂ ማጽናናት አያውቅበትም። ጫማዋን ደረጃው ላይ አስቀምጦ፣ አቧራዋን በአውራ ጣቱ ጠርጎ፣ በመጣበት ተመለሰ።

እህቱ ብዙ አልቆየችም። ጡቷ ላይ የወጣ እብጠት አልጋ ላይ ጣላትና ያቺ ደልደል ያለች ሴት ከአንሶላው ሥር የማትታይ ሆነች። ልጅቷ ትምህርት ቤት ስትሆን እሾህ እየመጣ እህቱ አጠገብ ይቀመጣል፤ ስለ ሲሚንቶው መጋዘን፣ ስለ ሞቱት ወላጆቻቸው፣ ስለዚያች ትንሽ ጫማ እያነሡ የሆድ የሆዳቸውን ይጫወታሉ። በመጨረሻዎቹ ቀናት እጁን ይዛ፣ ልጄ ከአባቷ ቀጥሎ ያላት አንተ ብቻ ነህና ንገራት አለችው። እሺ አለ። መቼ ብላ አፋጠጠችው። ትንሽ ከፍ ስትል አለ። ወንድሟን ስለምታውቀው ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

የቀብሯ ዕለት የምሰሶ አድናቂ ሁሉ መቃብር ቦታውን ሞልቶት ዋለ። እሾህ ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ ከመካነ መቃብሩ አጥር ውጭ፣ ከአንድ ድንጋይ ጠራቢ አጠገብ ቆመ። ከዚያ ሆኖ የሚታየው የሰው ጀርባና ከሰው ጀርባ ላይ ከፍ ብላ፣ አባቷ ትከሻ ላይ ያለች ልጅ ብቻ ነው። ድንጋይ ጠራቢው እሾህ እንባውን ሲያብስ አየና መዶሻውን አስቀምጦ፣ ምንህ ናት? ብሎ በሐዘኔታ ጠየቀው።

"ምኔም አይደለችም" አለ እሾህ።

አፉ የለመደው ነገር ነው፤ ሳያስበው ነው ያመለጠው። ቃሉን ከተናገረ በኋላ ግን አንድ ነገር ቁርጥ አለበት፤ እስከ ዛሬም አልተቀጠለለትም።

ሽማግሌው ጉልበቱ ሲደክም አዳራሹን ለእሾህ አስረከበው። እውነቱን ለመናገር የተሻለ ሰው አልነበረም። እሾህ አሰልጣኝ ሆኖ ያፈራቸውን ልጆች ያየ ይመሰክራል፤ ከእጁ አንድ ሰው አንገቱ ተሰብሮ አልወጣም። ወጣቶቹን ሪንግ ከማስገባቱ በፊት መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ላይ መውደቅ ብቻ ነው የሚያለማምዳቸው፤ ወደ ኋላ፣ ወደ ጎን፣ በሆድ። መታገል አማረን ሲሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ስለ እጁ ምልክት ሲያስተምር ደግሞ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ መልስ ካልመጣ እጅ አይለቀቅም፣ ቤቱ ቢቃጠል አይለቀቅም ይላቸዋል። አዘጋጅም ሆኖ ብልህ ነበር። ማስታወቂያውን ራሱ ያረቅቃል፣ ወንበሩን ራሱ ይደረድራል፣ ትኬት ቆራጯ ከመስኮቷ ሆና የሰልፉን ርዝመት በዓይኗ ስትነግረው ይገባዋል። ሰልፉ ጥግ ዞሮ የሚታጠፈው እሾህ ከምሰሶ ጋር በሚገጥምበት ቀን ብቻ ነው። ሁለቱም ጉልበታቸው ደክሟል፤ ሕዝቡ ግን ያንን ጠላትነት ከልጅነቱ ይዞት አድጓልና እሱን ካላየ አይረካም።

እንግዲህ እስቲ ፍረዱ። ሕጉን ያወጣው ሽማግሌ የለም። ሕጉ አሁን የእሾህ ነው፤ ቢሽረው የሚከለክለው አልነበረም። ምሰሶም መጥቶ ልጅቷ አድጋለች፣ የእናቷን አደራ እንወጣ ብሎ ጠየቀው። ክረምቱ ይለፍ አለ እሾህ። ክረምቱ አለፈ። ትልቁ ግጥሚያ ይለፍ አለ፤ እሱም አለፈ። በየጊዜው ምክንያት ነበረው፤ ደመወዙን ከዚያ አዳራሽ የሚያገኘውን ሰው ሁሉ እየጠራ ይቆጥርለታል። የፈራው ግን ሌላ ነገር ነው። ያቺ ልጅ እውነቱን ሰምታ ደግሞ ባትወደውስ? የምትጠላው ክፉውን እሾህን እስከሆነ ድረስ እሱን ራሱን ገና አልጠላችውም፤ እንዲህ እያለ ራሱን ያባብል ነበር። ፈሪ ነበር፣ ሌላ ስም አይወጣለትም።

ጭራሽ የሚቀጣ ሆነ። ሪንግ ላይ ጠላት ያደረጋቸው ሁለት ጎረምሶች አንድ አክስት ያሳደገቻቸው የወንድማማች ልጆች ነበሩ፤ በአንድ አውቶቡስ ወንበር ተቀምጠው ሲስቁ ታዩ። እሾህ ቆሽቱ አርሮ ሁለቱንም ከግጥሚያ አገዳቸው፣ ለየብቻ ተሳፈሩ አላቸው። አንደኛው አንገቱን ደፍቶ፣ ጋሼ፣ ቤት ስንደርስስ? ብሎ ጠየቀ። እሾህ ወደ ልምምዳችሁ ሂዱ አለ።

ልጅቷ መምህርነት ልትማር ሌላ ከተማ በሄደች በሁለተኛው ዓመት ምሰሶ ታመመ። እግሩ ማበጥ ጀመረ፣ ፊቱ ነፋ፣ ሐኪሞች ኩላሊቱ እንደደከመና ቢያንስ ለጥቂት ወራት ከሪንግ መራቅ እንዳለበት ነገሩት። በልምምድ ሰዓት በጎን በር ወደ አዳራሹ ገብቶ ፍራሹ ላይ ቁጭ አለና ለእሾህ አጫወተው። ከዚያ ሁለቱም ያደረጉት ነገር የዚያ ሥራ ሰው ካልሆነ በቀር ለማንም አይመጣለትም። ማስታወቂያውን ማሰብ ጀመሩ። ምሰሶ በኩላሊት ወደቀ ይባላል እንዴ? ምሰሶ ራሱ ነው፣ አንተ ሰበርኸው ይባል፣ ስመለስ አዳራሹ በሰው ይጥለቀለቃል ያለው። እሾህ ወዲያው ሐሳቡን አሳመረው፤ በልምምድ ላይ ከኋላው ሰርቆ መታው እንበል አለ። እንደ ድሮው አሸዋ ክምር ላይ ያሉ ይመስል ሳቅ በሳቅ ሆኑ። ትኬት ቆራጯ ብቻ ወረቀቱን አይታ በሕመም አይቀለድም ብላ ፊቷን አጨፈገገች። በማግስቱ የከተማው ግድግዳ ሁሉ ላይ የእሾህ ፊት ተለጠፈ፤ ከሥሩም "እሾህ ምሰሶን ሰበረው" የሚል በደማቅ ቀለም።

ምሰሶ ግን አልተመለሰም። ከቤት ወደ ሆስፒታል ሄደ፤ ከሆስፒታልም አልወጣ አለ። ልጁ ትምህርቷን አቋርጣ ከአውቶቡስ ስትወርድ መጀመሪያ ያየችው ግድግዳው ላይ ያለውን ማስታወቂያ ነው። አባቷ ኩላሊት ነው ቢላት፣ ሐኪሙ በሽታው የቆየ ነው ቢላት፣ ከተመታ በኋላ ነው እያለች እርር ድብን አለች። እሷን ለማጽናናት እንደዋሿት ነው የቆጠረችው። ምሰሶ ይህን ሲያይ ትኬት ቆራጯን ልኮ ለእሾህ መልእክት አደረሰ። ና፣ አብረን እንንገራት፣ ለብቻዬ ብነግራት አታምነኝም አለ።

እሾህ ይሄን ጊዜ አላመነታም፤ ይህንስ እንመስክርለት። ሸሚዙን ለውጦ ሄደ። የሆስፒታሉ በር ላይ ግን የምሰሶ አድናቂዎች ፍራፍሬ ይዘው ተኮልኩለው ነበር፤ ገና ሲያዩት ጉድ ፈላ። ሊጨርሰው መጣ ብለው አጥር ሆነው ቆሙበት፣ ዘበኛውም እየለመነ መለሰው። እሾህ እንደ ልማዱ ዞሮ በጓሮ ሄደ። ከጓሮ በኩል የልብስ ማጠቢያው ክፍልና ከሰው ከፍ የሚል ግንብ አለ። በሁለት እጁ ጫፉን ያዘና ራሱን ወደ ላይ ሳበ። ጉልበቱ እምቢ አለው። እንደገና ሞከረ፤ ግማሽ ላይ ሲደርስ እጁ ከዳው፣ ወደ ኋላው ወደቀ። አገጩ ደረቱ ላይ ተለጥፎ፣ ክንዶቹ ተዘርግተው፣ መዳፎቹ ሲሚንቶውን ጧ አድርገው መቱ። አንሶላ ሲያሰጡ የነበሩ ሁለት አጣቢዎች አንድ ሽማግሌ ወድቆ ሞተ ብለው ሮጠው መጡ። እሱ ግን ሰማዩን እያየ ተጋድሞ፣ እንዲህ ቆንጆ አወዳደቅ ከወደቅሁ ዓመታት ሆነኝ ብሎ አሰበ፣ ከዚያም እንባው መጣ። ነገ አዲስ ዘዴ እፈልጋለሁ ብሎ እያነከሰ ወደ ቤቱ ሄደ። ምሰሶ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አረፈ።

ለቅሶው ቤት ደጅ ላይ ወንበር ተደርድሮ መንገዱ ሳይቀር በሰው ተሞልቷል። እሾህ ከአናጺው ግቢ ፊት ለፊት ትንሽ ቆመ። አናጺው ሁሉን የሚያውቅና ለማንም ተንፍሶ የማያውቅ ሰው ነው፤ መሰላሉን በዓይኑ አሳየው። እሾህ ራሱን ነቀነቀና አለፈ። ጥግ ዞሮ፣ ጥቁር ኮቱን ቆልፎ፣ በመንገዱ መሐል ወደ ፊት በሩ ሄደ።

ሰዉ ዞሮ አየው። ከዚያ አንዱ ገዳይ አለው። ሌሎች ተከተሉ። አንዲት ሴት ደረቷን እየመታች በሞተበት እንኳ አትተወውም ወይ አለችው። እሾህ እጁን አነሣና በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በአደባባይ እውነቱን ተናገረ። ጠላቴ አልነበረም፣ አማቼ ነበር፣ እህቴን ነው ያገባው፣ አልመታሁትም፣ ሁሉም ለአዳራሹ ሲባል የተባለ ነው አለ። ሰዉ በፉጨትና በጩኸት አቋረጠው። የሚናገረውን አለማመን ያስተማራቸው እሱ ራሱ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ አስተምሯቸዋል፣ ጎበዝ ተማሪዎችም ሆነውለታል። አንድ የሰፈሩ ሰው ተጠግቶ በጥፊ አለው። የእውነት ጥፊ እንደ ሪንጉ ጥፊ አይጮህም፤ እሾህም አልወደቀም፣ ቆሞ ጉንጩን እንኳ አልነካም።

ከተሰበሰበው ሰው መሐል ያመኑት ሁለት ብቻ ነበሩ። እነዚያ ያገዳቸው የወንድማማች ልጆች በትእዛዙ መሠረት አንዱ ከመንገዱ ወዲህ፣ ሌላው ወዲያ ማዶ ቆመው ነበር። አንደኛው መንገዱን አቋርጦ ሄደና ከሌላው አጠገብ ቆመ።

በዚህ ጊዜ ልጅቷ ከቤቱ ወጣች። ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀላት። የእናቷ ቁመት ነው ያላት፣ ቅንድቦቿ ግን የተጋጠሙ ናቸው፤ እሾህ እስከዚያች ቀን ልብ ብሎት አያውቅም። ጥቁር ቀሚሷ ላይ የእንጨት ፍቅፋቂ ተጣብቋል።

"በጓሮ ነበር የጠበቅሁህ" አለችው። "አባዬ በመጨረሻው ሌሊት ሁሉንም ነገረኝ። በጓሮ ይመጣል አለኝ። ከጠዋት ጀምሮ ከአናጺው አጥር ሥር ወንበር አውጥቼ ተቀምጫለሁ።"

ዛሬ በፊት በር ልግባ ብዬ ነው አለ እሾህ።

"እማዬ ስትቀበር የት ነበርክ?"

"ከአጥሩ ውጭ።"

"ሁልጊዜ ከአጥሩ ውጭ" አለች። "ዕድሜዬን ሙሉ ጠላሁህ። ጥሩ አድርጌ ጠላሁህ። አሁን አጎትሽ ነው ሲሉኝ ያን ሁሉ ጥላቻ የት ልጣለው? ብቻዬን አባቴን ሳስታምም እዚህ ከተማ ውስጥ የእናቴ ወንድም ነበረኝ።"

ከኋላ የቆመው ሰው የሚባባሉትን አልሰማም። እሾህ ሌላ ነገር ስለማያውቅ እንደማንኛውም ለቀስተኛ እጁን ዘረጋላት። ከዚያ እጇን ሰጠችው፤ ቀዝቃዛና ትንሽ እጅ ነው፣ ያቺን ጫማ የወረወረ። እሾህም ሳያስበው፣ ከልማድ ብዛት፣ አንዴ ጠበቅ አደረጋት።

ልጅቷ ደንግጣ ቀና አለች። ምልክቷን ታውቃታለች። አባቷ መንገድ ሲያሻግራት እንዲህ ያደርግ ነበር፤ ሆስፒታልም አልጋው አጠገብ ተቀምጣ ቀኑን ሙሉ እጁን ጠበቅ ስታደርግ፣ መልስ ስትቀበል፣ ጠበቅ ስታደርግ፣ መልስ ስትቀበል ሰንብታ አንድ ከሰዓት በኋላ መልስ ሳይመጣ ቀርቷል። ስለዚህ እሾህ የሚጠይቃት ምን እንደሆነ በደንብ ገብቷታል።

መልሷን ጠበቀ፤ አልመጣም። እጇ በእጁ ውስጥ እንደተኛ ቀረ። ዓይኗን ግን ከእሱ ላይ አላነሣችም፤ እንባዋ በአገጯ ላይ ይወርዳል።

ስንት ጎረምሳ ያስተማረ ሰው ነው፣ መልስ ካልመጣ ምን እንደሚደረግ ያውቃል። አንድ እርምጃ ቀርቦ፣ በዚያ ሰፊ ጀርባው ከሰዉ ዓይን ሸፈናት። ከኋላው እንደገና መጮኽ ጀመሩ፤ ልጅቷን ልቀቃት ይላሉ፣ ኮቱን የሚጎትትም ነበር። እሾህ ዞሮ አላየም። እጇን እንደያዘ፣ የፊት በሩ ላይ ቆመ።